የእትዬ ጦይባ ከፋይ በአባባ መኪና ላይ

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ገዢ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ካለው ግቢያችን ገብቶ የአባባን መኪና ኮፈኖ ሲከፍት፣ ያ የናፍጣና የሞቀ ብረት ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት መሆኔን አስረሳኝ። ሰውየው ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ፤ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ፤ ከዚያም ብልህ ገዢ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀኝ፦ «ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቆ ያውቃል?» አጥሩ ሥር ጎረቤታችን እትዬ ጦይባ ከዘራቸውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ከኔ ይሻላል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ እሳቸው እየሰሙ ግን እንዴት እናገረዋለሁ?

አባባ ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ስለ ሞተር የሚያውቀውን ሁሉ የተማረውም ከወፍጮው ነው። ይህችን ክሬም ቀለም ያላት ጀርመን ሠራሽ መኪና የገዛት እኔ ከመወለዴ በፊት ሥራውን ጨርሶ አገሩ ከሚመለስ መሐንዲስ ሲሆን፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በደሴ ብርድ ሞተሩን አስነስቶ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀስ ብሎ ሳይጠጣ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም፤ ዘይቷንም ጊዜው ሳይደርስ ስለሚቀይር ሰፈርተኛው «ሳትታመም ያሳክማታል» እያለ ይስቅበት ነበር። ይሳቅ እንጂ፣ በሽተኛ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ማድረስ ሲያስፈልግ የሚንኳኳው የኛ በር ነበር፤ እሷም አንድም ቀን አላሳፈረችንም። እኔን ከፊት አስቀምጦ የሞተሩን ሙቀት የምታሳየውን መርፌ ማንበብ አስተምሮኛል። «መሀል ላይ እስካለች አብሽሪ፣ አትስጊ» ይለኝ ነበር። መኪና እንከኗን ደብቆ መሸጥ ሐራም እንደሆነም ከሱ ነው የሰማሁት።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የአባባ ታናሽ ወንድም ከሐርቡ ሚስት አገባ። ሙሽራዋን ዘይነብን የምታመጣው ያለ ጥርጥር የኛ መኪና ነበረች። በሠርጉ ጠዋት እትዬ ጦይባ ሟች ባለቤታቸው ከሐጅ ይዘውላቸው የመጡትን አረንጓዴ ከፋይ፣ ለራሳቸው እንኳ ለብሰውት የማያውቁትን ወፍራም ጨርቅ፣ ከሳጥን አውጥተው «ሙሽራ በባዶ ብረት አትመጣም» አሉና በመኪናዋ ፊት ላይ ከመብራት እስከ መብራት ዘረጉት። በገመድ ጥፍር አድርጌ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ቋጠሮዬም ያኮራኝ ነበር። አባባ ከጓዳ ሲወጣ አየውና ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። ያ ጨርቅ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ የሚገባበትን ፍርግርግ ድፍን አድርጎታል። እትዬ ጦይባ ግን እንባ ባቀረረ ዓይን እያዩት ስለነበር «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ መሪውን ጨበጠ።

ስንሄድ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ምንም አልሆነም። ሙሽራዋን ይዘን ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ግን መርፌዋ ከመሀል ተነሳች። ከኋላ ሙሽራዋና ሚዜዋ አሉ፤ ተከትለውን በሚመጡት መኪኖች የሙሽራዋ ዘመዶችና እትዬ ጦይባ እየዘፈኑ ነው። መርፌዋን ያየነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። አባባን ቀና ብዬ ሳየው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ትንሽ ከቆየ ሞተሩ እንደሚቃጠል፣ ቆሞ ምክንያቱን ቢናገር ደግሞ እትዬ ጦይባ በአማቾቹ ፊት እንደሚዋረዱ ገባኝ።

ከአንድ መጠምዘዣ በላይ ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን አላጠፋም፤ የውስጡን ማሞቂያ ግን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ወረደ። የሐርቡ ዘመዶች ደንግጠው ሲሰበሰቡ ቋጠሮዬን በቢላ ቆረጠና ከፋዩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ «የደሴ ብርድ እየመጣ ነው፤ የእትዬ ጦይባ በረከት ለሙሽራዋ ትከሻ እንጂ ለብረት አይገባም» አለ። እልልታው ቀለጠ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ እንዲያደርጉ ለመነ፤ አደረጉ። በመስኮት መርፌዋን ሰረቅ አድርጎ አየና ስለ ልጅ በረከት ሌላ ዱዓ ለመነ። ደግሞ አየና ስለ ዝናቡ አስደገማቸው። ከሞተሩ የተቀዳው ሙቀት ሁሉ የሚነፍሰው በወፍራም ከፋይ የተጠቀለለችው ዘይነብ ላይ ስለሆነ፣ ላቧ ኩሏን ይዞት ሲወርድ ያዩ አክስቶቿ እናቷን ናፍቃ የምታለቅስ መስሏቸው አብረው አለቀሱ። በሦስተኛው «አሚን» መርፌዋ መሀል ገባች።

አባባ ይህን ለማንም ሳይናገር ሞተ። እትዬ ጦይባ ግን ያች መኪና ሙሽራ ጭና ሐረጎን የወጣችው በከፋያቸው በረከት መሆኑን ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲተርኩ ኖሩ። እኔም ብቻዬን እሷን መያዝ ሲከብደኝ፣ መካኒኳ አርጅቶ ሥራውን ሲተው፣ ለሚወዳት ሰው ልሽጣት ብዬ ቆረጥኩ።

ገዢው ጥያቄውን ደገመ። ከአጥሩ ሥር ግን እትዬ ጦይባ ቀደሙኝ። «ሞቆ? ኧረ በአላህ! እኔን ጠይቀኝ ልጄ፤ ሙሽራ ጭና ሐረጎን ስትወጣ እንኳ ወላሂ አልሞቀም!» ሰውየው ፈገግ ብሎ ማረጋገጫ ፍለጋ ወደኔ ዞረ። እውነታቸውን ነው ብል ገዢውን ማታለሌ ነው፤ ሞቆ ነበር ብል የኚህን ሴት የዕድሜ ልክ ኩራት በሰው ፊት መስበሬ ነው። ሞተሩ ያኔ እንደነበረው ነው፤ ወንበሩም አልተቀደደም። ይህን ምስጢር አብሮኝ የሚያውቀው፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ የሚያደርግልኝ ሰው ግን የለም፤ እንደዚያን ሰዓት ናፍቆኝ አያውቅም።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አልሸጣትም» አልኩና ኮፈኖውን ዘጋሁት።

ሰውየው ግራ ተጋብቶ ከሄደ በኋላ እትዬ ጦይባን ደግፌ መኪናዋ ውስጥ ከፊት አስቀመጥኳቸው። ሐረጎን ወርደን መልሰን ስንወጣ፣ ከዚያች መጠምዘዣ በላይ ዳር ይዤ ቆምኩ። መርፌዋ መሀል ላይ ናት። «ምነው ቆምሽ?» አሉኝ።

«ለአባባ ዱዓ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።