በፍልሰታ የቀመስኩት ሐይቅ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ኦሞ ወንዝ ገና ሳይገደብ፣ ነሐሴ በገባ ቁጥር ሞልቶ ሐይቁን በሚያደፈርስበት ዘመን ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከአእምሮዬ ያልጠፋው ግን ልሞት ስለነበር ብቻ አይደለም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ፍልሰታን የገደፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ያኔ ጂንካ፣ ዞን መሥሪያ ቤት ውስጥ የዓሣ ሀብት ኤክስፐርት ነበርኩ። የተወለድኩት ደባርቅ ነው። ደባርቅ ያለው ብርድ እንጂ ዓሣ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስለ ከብት ሲሆን ስለ ዓሣ የወሰድኩት አንድ ኮርስ ብቻ ነው፤ እሱንም ሲ ነው ያመጣሁት። ጂንካ ስመደብ ክፍት የነበረው ቦታ የዓሣ ስለነበር ኤክስፐርት ሆንኩ። ዋና አልችልም፤ ይህንን ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም።

የዚያ ዓመት ሥራዬ በቱርካና ሐይቅ ዳርቻ ለሚያሰግሩ ዳሰነች ማኅበራት ወቅታዊ የማስገር መርሐ ግብር ማዘጋጀት ነበር። በየትኛው ወር የትኛው ዓሣ እንደሚገኝ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ፣ ውሃው ምን ያህል ጨዋማ እንደሆነ በሠንጠረዥ ተሞልቶ በየማኅበሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከበላይ የተላከልን ፎርም ለባሕር የተዘጋጀ ነው። ባሕሩ በጨረቃ ምክንያት በቀን ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል የሚሞላበት ዓምድ ሁሉ ነበረው። አገራችን ባሕር ካጣች ዓመታት ቢያልፉም ፎርሙ ገና አልሰማም። እዚያ ላይ ሰረዝ አድርጌ አለፍኩ።

ጨዋማነቱን ግን በሰረዝ ማለፍ አልቻልኩም። ቱርካና ሲያዩት ሐይቅ ነው፤ ሲቀምሱት ጨውና ሶዳ አለው። ኦሞ በሚገባበት በእኛ በኩል ደግሞ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። መለኪያ መሣሪያ ነበረን፤ ባትሪው ግን ከጂንካ እስከ አርባ ምንጭ ተፈልጎ ጠፋ። ስለዚህ በየወሩ እየወረድኩ ናሙና በጠርሙስ መቅዳት ነበረብኝ። የሥራ ሂደት ባለቤቱ የነሐሴ ዓምድ ባዶ ሆኖ ከመጣ ሪፖርቱን እንደማይቀበል ነገረኝ። መኪናም ለሦስት ቀን ብቻ ተፈቀደልኝ።

አንዱ ቀን በመንገድ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ሾፌሩን ዳርቻው ላይ ከመኪናው ጥላ ሥር ትቼ የማኅበሩን ጀልባ የሚነዳውን ሎቡኒን አገኘሁት። ሎቡኒ ዳሰነች ነው። ከብቶቹ በድርቅ ካለቁበት ወዲህ ዓሣ አስጋሪ ሆኗል። ከእኔ አሥር ዓመት ቢበልጥ ነው። አማርኛ የለመደው ኦሞራቴ ከሚመላለሱ ሾፌሮች ስለሆነ ሰውን ሁሉ "አንተ" ይላል፤ እኔን ሴቷንም፣ የወረዳውን አስተዳዳሪም።

የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ አቀረበልኝ። ፆም ላይ መሆኔን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንደማልቀምስ ነገርኩት። ውሃም አትጠጣም ወይ አለኝ። ውሃም አልጠጣም አልኩት። እኔን አየኝ፣ ሐይቁን አየ፣ ከዚያ ዓሣውን ራሱ በላው።

ቀጥሎ ወደ ሰሜን፣ ደመናው ወዳለበት እያመለከተ፣ ዛሬ ውሃው ጥሩ ስላልሆነ ነገ እንውጣ አለ። መኪናው ነገ እንደሚመለስ አስረዳሁት። ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ አለ። ለመንኩት። ልመናው ሲያልቅብኝ የመንግሥት ሥራ መሆኑን ገለጽኩለትና ፎርሙን አሳየሁት። ማንበብ አይችልም፤ ግን ገልብጦ ጀርባውንም አየ። ፎርሙን አክብሮ ይሁን ለእኔ አዝኖ አላውቅም፣ ጀልባውን ገፋ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ሎቡኒ ሞተሩን እየነዳ ስለ ወቅቱ አጫወተኝ። ወንዙ ሲሞላ ዓሣው ጨዉን ትቶ ወደ ጣፋጩ ውሃ እንደሚመጣ፣ ሁለቱ ውሃዎች የሚገናኙበትን መስመር ያገኘ ሰው መረቡን እዚያ እንደሚጥል፣ በበጋ ውሃው ሲጠራ ደግሞ ዓሣው መረቡን አይቶ እንደሚሸሽ ነገረኝ። ይህ ሁሉ ፎርሙ ላይ የሚሞላበት ቦታ ስላልነበረው አልጻፍኩትም። ሁለት ጠርሙስ ቀዳሁ።

አራት ሰዓት ገደማ ደመናው ደረሰብን። ዝናቡና ነፋሱ አንድ ላይ መጡ። ሎቡኒ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዙሮ ያዘ። እኔ የያዝኩት ወንበሩን ነው። አንዲት ሕይወት አድን ጃኬት ነበረች፤ ዚፗ አይዘጋም፤ እሷን በሁለት እጄ አቅፌ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ። ሞተሩ ውሃ ገባበትና ጠፋ። ነፋሱ ለምን ያህል ጊዜ ወደ ውስጥ እንደገፋን አላውቅም። ሲያቆም ግን በአንድ ጊዜ አቆመ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጸጥታ ከነፋሱ የባሰ ነበር። ሰማዩ ግራጫ፣ ውሃው ጭቃማ፣ ፀሐይ የለችም። ያ አገር ሜዳ ስለሆነ ዳርቻውን የሚያሳይ ተራራ አይገኝም። በነሐሴ ደግሞ ደለሉ ሩቅ ድረስ ስለሚሄድ ውሃውን በዓይን መለየት አይቻልም። በየትኛውም በኩል ባይ ያው ነው። ወደ ሰሜን ከቀዘፍን መሬት አለ። ወደ ደቡብ ከቀዘፍን ውሃው ማለቂያ የለውም፤ ቢያልቅም ኬንያ ነው፤ ለኬንያ ደግሞ የጉዞ ፈቃድ አልተፈረመልኝም።

ፍርሃት ያዘኝ። ዳርቻውን ለማየት ብድግ አልኩ። ጀልባው ተወዛወዘ። ሎቡኒ ተቀመጥ አለኝ። ተቀመጥኩና ወዲያው ደግሜ ተነሳሁ፤ ከቆምኩ የሆነ ነገር የማይ ይመስለኝ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ በጎናችን ውሃ ገባ። እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅሁት አፍንጫዬ ሲዘጋ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ልነሳ ስል ሎቡኒ መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በእርጋታ ተናገረ።

"አንተ ውሃውን ቅመስ። የኔ አፍ ትምባሆ በልቶታል፣ አያውቅም። ጨው ከሆነ ሐይቅ ነው። ጣፋጭ ከሆነ ወንዝ ነው። ወንዙ ቤት ነው።"

እውነትም ትምባሆ ያኝካል፤ ጠዋትም ሲያኝክ አይቼዋለሁ። ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። እናም ዛሬ ስናገረው የማፍርበትን ነገር ጠየቅኩት፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብንቆይስ?

ሎቡኒ ሰማዩን አየ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተመልሶ እንደሚነሳ፣ ነፋሱ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማይጠብቅ ነገረኝ። ከዚያ፣ "ዋጠው አላልኩም። ቅመስ ነው ያልኩት" አለ።

እጄን ከትቼ ቀመስኩ። ልብስ ታጥቦበት ጨው የተጨመረበት ውሃ ነው። ተፋሁት። በሌላው ጎን ቀመስኩ። ያው ነው። ያው ነው ስለው ራሱን ነቅንቆ መቅዘፍ ጀመረ። ጥቂት እንደሄድን ደግመህ ቅመስ አለኝ። በግራ ጨው በዛበት አልኩት። ከዚያ በቀኝ። እንዲህ እያልን ቀጠልን። ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ፣ አንድ ክንዴን በጀልባው ጠርዝ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀምሰው። ዳርቻ መፈለጉን ተውኩት።

አንድ ያስቸገረኝ ነገር ነበር። ሎቡኒ ያልኩትን ሁልጊዜ አይሰማም። በቀኝ ይሻላል ስለው ወደ ግራ ይቀዝፋል። ጨው ነው ስለው ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አማርኛዬ ፈጥኖበት ነው ብዬ ቀስ እያልኩ መናገር ጀመርኩ። እሱም በትሕትና እሺ ይልና እንደገና ያው ነው። አልፎ አልፎ መቅዘፊያውን ሲያነሳ የሚንጠባጠበውን ውሃ በከንፈሩ ይነካል። ጠምቶት ነው ብዬ አዘንኩለት።

ሃያ ጊዜ ያህል ከቀመስኩና ከተፋሁ በኋላ ምላሴ ደነዘዘ። ምንም አልለይ አልኩ፤ ይህንን ስነግረው እንደገና ልነሳ እየቃጣኝ ነበር። ሎቡኒ ቀና ብሎ አየኝና ምላስ ሲደክም ጉሮሮ እንደሚያውቅ ነገረኝ። አሁን ዋጠው አለ።

በአንድ እጄ አማተብኩ፣ በሌላው ቀዳሁ፣ ዋጥኩ። ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ከዚያ ወዲያ የቀመስኩትን ሁሉ ዋጥኩ። ጠምቶኝም ነበር፣ አልዋሽም።

በመጨረሻ ጭቃ ጭቃ የሚል ግን ምንም ጨው የሌለበት ውሃ አፌ ገባ። ጣፋጭ ነው ብዬ ቀና ስል ከፊታችን ረጅም ሣር ቆሟል። ሎቡኒ ጎበዝ አለኝ። ጣፋጩ ውሃ ውስጥ አዞ ስለሚበዛ እጄን እንዳወጣም አስጠነቀቀኝ። ዳርቻ ስንደርስ ሾፌሩ ተኝቶ ነበር። ለዘጠኝ ሰዓት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

ጂንካ ተመልሼ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ቄስ ናቸው፤ ውሃ የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው በጽሞና ሰሙኝ። ነፍስን ለማዳን የተደረገ ነው ብለው ቀለል ያለ ቀኖና ሰጡኝ፦ ሰባት ቀን ፆምና ስግደት። ፈጸምኩ። ጠርሙሶቹ በማዕበሉ ስለጠፉ የነሐሴን ዓምድ ከምላሴ በማስታወስ "ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ" ብዬ ሞላሁት። የሥራ ሂደት ባለቤቱ ጥራት ያለው ሪፖርት መሆኑን ገለጹልኝ። እኔም በሆዴ ኮራሁ። አንድ ጀልባ በምላሴ መርቼ ከሞት አውጥቻለሁ ብዬ ለደባርቅ ዘመዶቼ ሁሉ በስልክ ተርኬያለሁ።

በኅዳር እንደገና ወረድኩ። ፆመ ነቢያት ገና አልገባም፤ ሐይቁም ረግቷል። ከሎቡኒ ጋር ወጣን። ትምባሆውን በጉንጩ ይዞ ጥቂት ቀዘፈ፣ መዳፉን ከተተ፣ ቀመሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ሄደ፣ ቀመሰ። ሦስተኛው ላይ እዚህ ነው ብሎ መረቡን ጣለ። ሲያወጣው ቆሮሶ ሞልቶበታል።

ዓሣውንም መዳፉንም አየሁ። ከዚያ፣ ትምባሆ አፍህን በልቶት አልነበረም ወይ አልኩት።

ሎቡኒ ዓሣውን ከመረቡ እያላቀቀ ነበር፤ ቀና አላለም። "ያኔ አንተ ቆመህ ነበር" አለኝ። "ትቀመጣለህ፣ ትነሳለህ። የቆመ ሰው ጀልባ ይገለብጣል። ሁለታችንም እንሞታለን። ተቀመጥ ብልህ እንቢ አልክ። አፍህ ሥራ ሲያገኝ ተቀመጥክ።"

ስለዚህ መንገዱን ሲመራ የነበረው የእሱ ምላስ ነው። ፊቴ ጋለ። ቢያንስ ከቀመስኩት ውስጥ ትክክል የነበረ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሰውን ማሳዘን አይወድም፤ ረዘም ላለ ጊዜ አሰበበት።

"አንዱ" አለ። "የመጨረሻው። ያኔ ሣሩ ይታይ ነበር።"

ለአንድ ሰዓት ያህል ተቆጣሁ። መቆጣቴን ግን ተቀምጬ ነው የተቆጣሁት። ሰባት ቀን የሰገድኩት ለማያስፈልግ ውሃ ነው ብዬ አሰብኩ። ቁጣው ሲወጣልኝ ግን አለቀስኩ። ይህ ሰው ከብቶቹን ያጣ፣ በጀልባው ላይ ያለ ፈቃዱ የመጣሁበት ሰው ነው። በሞት መካከል ሆኖ አልጮኸብኝም፣ አልሰደበኝም። የራሱን ምላስ ክዶ የእኔን ደንቆሮ ምላስ አለቃ አደረገው። ምላሴ ደክሞ እንደገና ልነሳ ስል ደግሞ ጉሮሮዬን ሾመልኝ። ሠንጠረዡን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት፤ ሎቡኒ እየነገረኝ፣ በእርሳስ፣ ዓምድ ሳላሰምር። መሥሪያ ቤቱ ፎርማቱን አልጠበቀም ብሎ መለሰልኝ።

ዛሬ ዓሣ ክፍል አይደለሁም፤ ጂንካ አግብቼ ወልጃለሁ። ፍልሰታን በየዓመቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እፆማለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ገድፌ አላውቅም። ቀኖናው የተሰጠኝ ነፍስ ለማዳን ጠጣሁ ብዬ ስለተናዘዝኩ ነው። ለካ የጠጣሁት ዝም ብዬ እንድቀመጥ ነው። ንስሐ አባቴ አሁንም በሕይወት አሉ፤ ይህንን ክፍል ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ተጸጽተሻል ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ አልተጸጸትኩም።