ስንት ሰው ትይዛለች?

ልጄ ከዓረብ አገር ተጠርዞ ሲመለስ በእጁ የያዘው አንድ ፌስታል ነበር። ውስጡ ነጠላ ጫማና አንድ ሸሚዝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ፌስታሉ እንኳ ያልመጣላቸው እናቶች አሉ።

የምንኖረው አዋሽ ነው። ከወሎ የመጣነው ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ነው፤ እሱ ካለፈ ወዲህ መንገድ ዳር ያለችውን ቁርስ ቤት እኔው ይዣታለሁ። ልጄ እንደተመለሰ ከጓሮ አይወጣም ነበር። ቤት ውስጥም አይተኛም፤ ጣሪያው ያፍነኛል ይላል። ስለሄደበት መንገድ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ እስር ቤቱ አንድም ቀን አላወራኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። በየሶላቱ ግን አንድ ነገር እለምን ነበር፤ ዳግመኛ እንዳይሄድብኝ።

ጓሯችን ውስጥ አንዲት አሮጌ የመስክ መኪና ቆማለች። ባለቤቴ፣ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ በጨረታ ያወጣት ናት። ጥቂት ጊዜ ነዳት፤ ከዚያ ሞተሯ ተበላሸና እዚያው ቀረች። ብዙ ሳይቆይ እሱም አለፈ። የዶሮዎቼ ማደሪያ ሆነች።

አንድ ቀን ጠዋት ልጄ ኮፈኗን ሲከፍት፣ እንቁላሏን ታቅፋ የተቀመጠች ዶሮ ጮኻ ፊቱ ላይ ዘለለችበት። በጀርባው ወደቀ። እዚያው እንደተኛ ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር፣ የሌላ ሰው መስሎኝ ከወጥ ቤት ወጣሁ። ዶሮዋ እስክትፈለፍል ኮፈኑን ሳይነካ ጠበቃት። ሥራውን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የድሮው ሞተር ቤንዚን የማይጠግብ ትልቅ ብረት ነው። እሱን ማደሱን ትቶ፣ ከተገለበጠች ፒክአፕ የወጣ የናፍጣ ሞተር ሊገጥምላት ፈለገ። ለምን እንደሚደክምባት ሲጠየቅ "እንዲሁ" ይላል። ሥራልኝ ብሎ ያዘዘው ሰው የለም። ከጎናችን ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ አለ፣ የአፋር ሰው። እጁ ሲፈታ ሻዩን ይዞ ይመጣና አጥሩን ይደገፋል።

"ለአህያ የግመል ልብ ልትገጥም ነው?" ይለዋል።

"ግመል ትሆናለቻ።"

"ግመል ከሆነችስ ጥሩ። ውሃ አትጠይቅህም።"

"ወሬውን ተውና ያንን ጫፍ ያዝልኝ።"

"እኔ አህያ አልይዝም። ግመል ስትሆን ጥራኝ" እያለ፣ ሻዩን አስቀምጦ ጫፉን ይይዝለታል።

የጓሯችን ዳስ አግዳሚ የድሮው ባቡር ሐዲድ ብረት ነው፤ አዋሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። ሰንሰለቱን እዚያ ላይ አንጠልጥለው የሞተውን ሞተር ጎትተው አወጡት። ብረቱ አየር ላይ ሲዞር ልጄ በሁለት እጁ ደግፎ አረጋጋው፤ የደነበረ ከብት እንደሚያረጋጉት።

አዲሱ ሞተርና የድሮው የማርሽ ካምቢዮ ግን አልተገጣጠሙም። በመሃላቸው የሚገባውን ወፍራም ብረት ልኩን በካርቶን ይቆርጥና ለበያጁ ይወስዳል። ተሠርቶ ሲመጣ አይገባም። እንደገና ካርቶን ይቆርጣል። የፓስታ ካርቶኖቼ አለቁ። አንዳንድ ቀን የገጠመውን ሁሉ ፈትቶ ሲያየው ይውላል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። መብላት ጀመረ። መጀመሪያ መኪናዋ ውስጥ ተኛ፣ ቆይቶ በረንዳ ላይ፣ በኋላ ቤት ገባ። ልጄን የመለሰልኝ ጌታዬ እንደሆነ አውቃለሁ። ብረትም ሰበብ ይሆናል።

ሞተሩ የተነሣ ዕለት ጓሮው በጥቁር ጭስ ተሞላ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ሸሹ። ጎሚስታው ጆሮውን ይዞ፣ "ይሄ ግመል አይደለም፣ የእህል ወፍጮ ነው" አለ። ልጄ በጭሱ ውስጥ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና "እማ፣ ሰማሽ?" አለኝ። ሰምቻለሁ። ገብቼ ግንባሬን መሬት አስነክቼ የምስጋና ሱጁድ አደረግኩ።

ሰውየው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሁለት ስልክ የያዘ ሰው ነው። ከሰመራ ነኝ አለ። ሻይ አዘዘና ሳይጠጣው ወደ ጓሮ አለፈ። መኪናዋን ዞሮ አያት፤ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ።

"አሸዋ ላይ ትሄዳለች?"

"ትሄዳለች" አለ ልጄ።

"ከአስፋልት ወጥታስ?"

"ገና አልሞከርኳትም።"

"ስንት ሰው ትይዛለች?"

ልጄ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ሰመራ ስትመጣ ደውልልኝ" አለው ሰውየው። "መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር ነው የምፈልገው። አንተ ደግሞ በእግርህ ታውቀዋለህ ብለውኛል።"

ልጄ ቁጥሩን ስልኩ ላይ መዘገበ። እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት ቆሜ እሰማለሁ። ዕቃ የሚያመላልስ ሰው የሚጠይቀው ስንት ኩንታል እንደምትጭን ነው። ስንት ሰው ትይዛለች የሚል፣ ሌላ ነገር የያዘ ነው። የኛ አገር ልጆች በሰመራ አልፈው ወደ ጠረፍ እንደሚሄዱ፣ ከመንገድ ወጥተው በበረሃ የሚያሳልፏቸው ሰዎች እንዳሉ፣ መንገድ ዳር የሚኖር ሁሉ ይሰማል። የኔም ልጅ የሄደው በዚያው ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሞተሩ ድምፅ ያስደነግጠኝ ጀመር። ልጄን የመለሰልኝ ነገር መልሶ ሊወስድብኝ ነው አልኩ። አሁንም አልጠየቅኩትም። ይዋሸኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱን ይነግረኝ ይሆናል ብዬም ፈራሁ።

"ሞተሩን በረጅም መንገድ ልሞክረው፤ ሰመራ ደርሼ ልመለስ" ያለኝ ቀን ድስቱን ከእሳት አወረድኩ።

"እኔም እሄዳለሁ" አልኩት።

"እማ፣ ሙቀቱን አትችይውም።"

"ሰመራ ያለችው እህትህ ከወለደች ልጇን አላየሁም።"

"መኪናዋ አልተሞከረችም እኮ። መንገድ ላይ ብትቆምስ?"

"እቆማለኋ።"

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ፣ እሱ ሳይነሣ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጎሚስታው ሱቁን ሲከፍት አየኝ። "እትዬ፣ ጥበቃ ተቀጠሩ እንዴ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ሳቀ።

እስከ ገዋኔ ደህና ሄደች። ልጄ ሞተሩን እያዳመጠ ይነዳል። "ስሚው፣ ሳይጨነቅ ነው የሚሄደው" ይለኛል። እኔ ደግሞ እሱን ነበር የማዳምጠው። ገዋኔ ላይ ኮንቴነር የጫኑ ከባድ መኪኖች መሃል ቆመን ሻይ ጠጣን። ኮፈኑን ከፍቶ መዳፉን ሞተሩ ላይ አደረገ፤ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚነካ።

ሚሌን እንዳለፍን የሙቀቱ መርፌ መነሣት ጀመረ። በጣቱ መታ መታ አደረገው። አልወረደም። ብዙም ሳንርቅ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ፈነዳ። ከአስፋልቱ ወርዶ ቆመ።

ድንጋይና ትኩስ ነፋስ ብቻ ነው። ከመኪናዋ ጠባብ ጥላ በቀር ጥላ የለም። እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ፈታው። ወርጄ አየሁ። አፉ ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ለብሷል።

"የማንቆርቆሪያዬን አፍ ይመስላል" አልኩ።

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ግንባሩን መታ። የሰፈራችን የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይሠራል። በየጊዜው በሎሚ ካላፈላሁት ሻዩ በአፉ አይወርድም። ልጄ ሞተሩን ሲሞክር በከረመበት ጊዜ ሁሉ፣ ከኔው በርሜል በጆግ እየቀዳ በዚያው ውሃ ነበር የሚሞላት። ዘይቱን መርጧል፣ ብረቱን መርጧል። ውሃውን ግን ውሃ ነው ብሎ አለፈው። ቀጫጭኖቹ የራዲያተር ቱቦዎች ተደፍነዋል።

"ግመል አልሆነችም" አለ።

የያዝነው አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ ነው፤ ለመጠጥና ከሶላት በፊት ለምታጠበው ውዱእ ብዬ የሞላሁት። "ይህን ጨምረን ቀስ ብለን ብንሄድ ሎጊያ እንደርሳለን። ከዚያ ሰመራ ቅርብ ነው" አለኝ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ደርሷል። ጀሪካኑን አየሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ መዳፌን አፈር ላይ አሳረፍኩና ፊቴንና እጆቼን አበስኩ። ውሃ ላጣ ሰው በአፈር ተየሙም አድርጎ መስገድ ተፈቅዷል። ዲናችን ገር ነው።

"ውሃው ለሷ ይሁን" አልኩት። መስገጃዬን ጥላው ላይ አነጠፍኩ።

ሰግጄ ሳበቃ ልጆቹን አየኋቸው። ከሚሌ በኩል በመንገዱ ዳር በእግራቸው ይመጣሉ። ሃያ ዓመት የሞላው በመካከላቸው ያለ አይመስልም። መሃላቸው አንዲት ልጅ አለች፤ የተበጠሰ የፕላስቲክ ጫማዋን በገመድ አስራዋለች። "አሰላሙ ዐለይኩም፣ እናቴ" ሲሉኝ አነጋገራቸው የአገሬ ነው።

"ከየት ነው የምትመጡት?"

"ከወሎ ነን። ከባቲ ወዲህ በእግራችን ነው።"

ከመካከላቸው ረጅሙ ልጅ እንፋሎቱን አይቶ ሳቀ። "ባለመኪናውም ቆሟል። የኛ እግር ይሻላል፣ አይፈላም።"

"ዝም በል አንተ፣ ውሃ ልንለምን ነው" አለችው ልጅቱ።

ረጅሙ ወደ ልጄ ዞረ። "ወንድሜ፣ ስትነሣ ጫነን። ሰመራ ላይ የሚያሻግር ሰው አለ ብለውናል። ስንት ሰው ትይዛለች?"

ልጄ ጀሪካኑን እንደያዘ ራዲያተሩ አጠገብ ቆሟል። ፊቱን ማየት አቃተኝ። እጁን ነበር የማየው።

"ሁለት" አለ። "እኔንና እናቴን።"

ጀሪካኑን ይዞ ወደ እነሱ ሄደ። ጠርሙሶቻቸውን በየተራ ሞላ። ለመኪናዋ የሚተርፍ መኖሩን አላየም። ልጅቱ ጠጥታ ስትጨርስ፣ "እናትሽ ታውቃለች?" አላት። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

"እኔ ሄጃለሁ" አላቸው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። "ጀልባው ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ነበር። ትኩሳት ይዞት ሸሚዙን አወለቀና ያዝልኝ አለኝ። እኔ ወረድኩ፣ እሱ አልወረደም። ሸሚዙ አሁንም እቤት አለ።"

ያንን ሸሚዝ አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የልጄ መስሎኝ ነበር። ለምን እንደማይለብሰው ያን ቀን አወቅኩ። ለእኔ ያልነገረኝን ለማያውቃቸው ልጆች ሲናገር ሰማሁት።

ረጅሙ ልጅ የጠርሙሱን ክዳን አጠበቀ። "አንተ ስላልቀናህ ነው" አለ። "የቀናቸውም አሉ።" ክፋት አልነበረውም፤ ራሱን ማበርታቱ ነው። ልጄ አልተከራከረውም። "አላህ ይጠብቃችሁ" አላቸው። ሄዱ። ልጅቱ አንዴ ዞራ አየችን። ተመለሱ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የራሴን ልጅ በቃል ማስቀረት ያልቻልኩ ነኝ። የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዱዓዬ ግን አልወጡም።

ባዶ ጀሪካን ይዘን ተቀመጥን። ስልኩ ጠራ። ልጄ ጥቂት አየውና አነሣው። "ደረስክ ወይ?" የሚለው የባለ ሁለት ስልኩ ሰውዬ ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል፤ እንደሚመጣ ነግሮት ኖሯል።

"መንገድ ላይ ነኝ። ፈላች።"

ሰውየው ብዙ አወራ።

"አይሆንም" አለ ልጄ። "ራዲያተሩ አይችልም።" ዘጋው።

አልፈልግም አላለም። ራዲያተሩ አይችልም ነው ያለው። ያንን ቃል መንገዱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ሄድኩ።

በመጨረሻ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ቆሞ ከበርሜሉ ውሃ ሰጠን። "ይህችን ከመቃብር ነው ያወጣሃት?" አለው ልጄን። "ከዶሮ ቤት" አለው። እየቆምን፣ እያረፍን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰመራ ገባን። ሴት ልጄ ሕፃኑን ክንዴ ላይ አስተኛችልኝ። አልሐምዱሊላህ፤ ደስታና ፍርሃት አንድ ክንድ ላይ ይቀመጣሉ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ራዲያተሩን ፈትቶ ግቢው መሃል አጋድሞታል።

"እማ፣ ማንቆርቆሪያውን በሎሚ ነው አይደል የምታጸጂው? ለዚህ ምን ያህል ይበቃል?"

ካልጸዳ መኪናዋ አትሄድም። ከጸዳ የትም ትሄዳለች፤ ትናንት ለሰውየው የሰጠው ምክንያትም አብሮ ይታጠባል። ልጄ ግን ቁጢጥ ብሎ ይጠብቀኛል፤ እጁ ዘይት ነክቶታል፣ ዓይኑ ሕይወት አለው። ያንን ዓይን ለምኜ ነው ያገኘሁት።

ገበያ ወጥቼ ሎሚ ገዛሁ። ትንንሽና ደረቅ ነው። አብረን ተቀምጠን ጨመቅን። የተቧጨረ ጣቱን ሲያቃጥለው እጁን ያራግፋል።

"ያ ሰው ደግሞ ቢደውል ምን ትለዋለህ?" አልኩት። ከተመለሰ ጀምሮ የጠየቅኩት ይህንን ብቻ ነው።

ዓይኑን ከሎሚው አላነሣም። "እናቴ ከፊት ተቀምጣለች፣ ቦታ የለም እለዋለሁ" አለ።

ሳቅን። ሙሉ መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

አሁን አዋሽ ነን። የራዲያተሩን ውሃ ከሌላ ቦታ ያስመጣል፤ ጎሚስታው "የታሸገ ውሃ የምትጠጣ አህያ" እያለ ይስቅበታል። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ወጥ ቤት ሆኜ አዳምጣለሁ። ከበሩ ወጥታ ወደ ገበያው ከዞረች ሥራዬን እቀጥላለሁ። ወደ ገዋኔ ከዞረች ሻሼን አነሣለሁ። እሱም ያውቃል። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ የጎኑን በር ከፍቶ ይጠብቀኛል።