የትሁን ተራ ደረሰ

ባለቤቴ ትሁን ሞታለች። የልቧን በር፣ ቫልቭ የሚሉትን፣ ኢንፌክሽን በላው። በደም ሥር የሚሰጣት መድኃኒት አልሠራ ሲል ሐኪሞቹ "የተበላሸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካላት" ብለው አዲስ አበባ ወረፋ አስያዙን። ወረፋው ሳይደርስ ፍኖተ ሰላም ላይ አረፈች። ለአምስት ዓመቷ ልጃችን መርዶውን የሚደፍር ጠፋ፤ "እናትሽ ሐኪም ቤት ናት" እያልን ወር ሞላን።

አንድ ጠዋት ቡሬ፣ እህቴ ቤት፣ የልጄን ሹራብ ስቆልፍላት ስልኬ ጠራ።

"የወይዘሮ ትሁን ባለቤት ነዎት? ከአዲስ አበባ ነው፣ ነርስ ነኝ። እንኳን ደስ አለዎት፣ የቀዶ ሕክምና ተራቸው ደርሷል!"

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰሚው ተቀምጦ፣ ሰው ከቦት ነው። ልጄም ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

"ትኩሳቱስ እንዴት ነው?" አለች ነርሷ።

"ትኩሳቱስ ለቋታል።"

"ተመስገን! በሉ ሰኞ ይዘዋቸው ይምጡ።"

ነርሷን፣ "እህቴ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?" አልኳት።

"ምነው?"

"እስኪ መጀመሪያ ቁጭ በይ።"

"ወንድሜ፣ እኔም የእናንተው አገር፣ የደምበጫ ልጅ ነኝ። ገባኝ። ነፍስ ይማር" አለች።

"ተራዋን ለሚቀጥለው ስጡት" ብዬ ዘጋሁ።

"እማዬ ናት?" አለች ልጄ።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። እህቴን ጠራኋት። ከዚያ ልጄን፣ "እስኪ መጀመሪያ ቁጭ በይ" አልኳት።