የጳጉሜን ስድስት ልጅ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሁለት ዓመት ለሚሞላት የልጅ ልጄ የልደት ድግስ ታሰናዳ ነበር። ፊኛውንና የወረቀት አክሊሉን ከታይዋን ገበያ ገዝታ መጥታለች። ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ቀኑ ረቡዕ ይውላል፤ የጾም ቶርታ ልዘዝ?» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። እርሷ ሳትወለድ ወዳለፈ አንድ የክረምት ማብቂያ ተመልሼ ነበርና።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ዲያቆን ነበርሁ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ባሏ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ከሆነው ከታላቅ እኅቴ ከአልማዝ ቤት ተጠግቼ፣ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን የምናወጣበትን ባሕረ ሐሳብ እማር ነበር። አዲስ ተማሪ ያወቀውን ለመናገር ይቸኩላል፤ እኔም መንገደኛውን ሁሉ አስቁሜ ስለ ዘመን ቀመር ሳልነግር አላልፍም ነበር።

የእኅቴ ልጅ ማርታ የተወለደችው ጳጉሜን ስድስት ነው። ይህች ቀን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ብቻ ትመጣለች። የግቢው ልጆችም፣ «አንቺ ልደት የለሽም!» እያሉ ያበሽቋት ነበር። አራተኛ ዓመቷ ሲቃረብ፣ «ዘንድሮ ቀንሽ ይመጣል፤ ቶርታም ይቆረሳል» ብዬ ቃል ገባሁላት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ነው?» ማለት ሆነ ሥራዋ። ከዚራ ሰፈር ካለ ዳቦ ቤት ቶርታ አዘዝሁ፤ ጎረቤቱንም በሙሉ ጠራሁ።

በዋዜማው እኅቴ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ነገ ምን ቀን ነው?» አለችኝ።

«ጳጉሜን ስድስት!»

«እሱንማ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ዓርብ አይደለም ወይ?»

ክው አልሁ። ቶርታው በእንቁላልና በወተት የሚጋገር ነው።

«የዓለምን ዘመን ቆጥረህ ዓርብን ዘለልሃት? ጉድ ነው ዲያቆኑ!» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሽንኩርቱም ሳያግዛት አልቀረም። «በቃ፣ ከነገ ወዲያ ከዕንቁጣጣሽ ጋር አብሮ ይሁን።»

ማርታ ለካ በሩ ሥር ቆማ ነበር። «ዕንቁጣጣሽ የሁሉም ነው፤ የእኔ ነገ ነው» አለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። ቀኗ ካለፈች ሌላ አራት ዓመት መጠበቅ ግድ እንደሆነ ያስተማርኋት እኔው ነኝ።

ሙሸበክ የሚባለውን ጥቅልል ጣፋጭ ጠብሰው የሚሸጡት ጎረቤታችን እማማ ፋጡማ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። «አቦ፣ ለዚህ ነው ፊትህ የጠቆረው?» አሉኝ። «ሙሸበክ ውስጥ ምን እንቁላል አለ? ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት! ወላሂ፣ ከቶርታችሁ ይበልጣል።»

«እማማ፣ ልደት እኮ ነው፤ የሚቆረስ ነገር ያስፈልጋል።»

«እኔ እቆልለዋለሁ፤ አንተ ቢላዋ ይዘህ ና።»

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ስላደረ አየሩ ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር፤ ፀሐይዋ ግን ወጥታለች። እማማ ፋጡማ በትልቅ ትሪ የሙሸበክ ክምር ይዘው ገቡ፤ ሽሮፑ ከጥቅልል ወደ ጥቅልል እየወረደ ያብረቀርቃል። ሻማዎቹ ግን አልቆም ብለው ሽሮፑ ውስጥ ተጋደሙ። የማርታ አባት ጠራረጋቸውና ለአራት ልጆች አንዳንድ አስያዘ። ማርታ እየሮጠች እፍ አለች። አራተኛው ሲጠፋ አባቷ ከኋላዋ የመጀመሪያውን መልሶ ለኮሰው፤ ዞራ አየችና በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ልደት የለሽም» ያሏት ልጆችም ጣታቸውን እየላሱ አጨበጨቡላት። ቶርታውን በማግስቱ፣ በአዲስ ዓመት በላነው፤ እንዴት እንደጣፈጠ ዛሬ አላስታውስም።

«አባባ፣ ስቀው ዝም አሉ እኮ» አለችኝ ልጄ። «የጾም ይሁን» አልኋት። ጾሙ ያን ዕለት ደስታችንን አልቀነሰብንም፤ ወደ ጎረቤት ደጅ መራን እንጂ። ማርታ አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት። ቀኗ በሚመጣበት ዓመት ትደውልልኝና፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ምን ላይ ይውላል?» ትለኛለች። እኔም ቀመሩን አወጣለሁ፤ ዓርብ በሆነ ብዬ መመኘቴን ግን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም።