የሚያስፈራ መጽሐፍ የምትገዛው ሴት

የመጽሐፍ ሱቄ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ፣ ከመፍረስ የተረፈ አንድ አሮጌ ፎቅ ሥር ናት። ሱቅ ከማለት መተላለፊያ ማለት ይቀላል፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው በረንዳው ላይ ይጠብቃል። ከፊት ለፊት የትምህርት ቤት መጻሕፍት ደርድሬአለሁ፤ የሱቁን ኪራይ የሚከፍሉልኝ እነሱ ናቸው። እኔ የምሳሳለት መደርደሪያ ግን ከኋላ ነው፤ ልጆችን የሚያስፈሩ መጻሕፍት ያሉበት።

አሥርና አሥራ አንድ ዓመት ላይ ያለ ልጅ ፈሪ ሲሉት ይናደዳል እንጂ መፍራቱንስ ይወደዋል። እውነተኛ የሚመስል ጭራቅ ይፈልጋል፤ ግን እናቱ ማጀት ውስጥ ድስት ስታንኳኳ እየሰማ። ስለዚህ ከዚያ መደርደሪያ አንድም መጽሐፍ ራሴ ሳላነበው አልሸጥም። አማርኛዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ አዟሪዎች የሚያመጡልኝ ያገለገሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ናቸው። ጭራቁ በር ድረስ ቢመጣ አይከፋኝም፤ ቤት ውስጥ ግን አንድ የሚታመን ትልቅ ሰው መኖር አለበት። ውሻው የሚሞትበትን አልወስድም። ቤት ስለሚፈርስበት ልጅ የሚያወራ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ነበረኝ፤ እሱን ካለፈው ዓመት ወዲህ ከመደርደሪያው አንስቼዋለሁ። የዚህ ሰፈር ልጅ እሱን በመስኮት አይቶታል።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሉኝ አንድ ነው፦ ቀለል ያለውን ስጪን፣ ሌሊት እየባነነ አስቸገረን። የባሰውን ስጪኝ ያለኝ ወላጅ አልነበረም፣ እሷ እስክትመጣ ድረስ።

ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ገደማ ይሆናል። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ከሥራ ስትወጣ ከቴዎድሮስ አደባባይ በኩል በእግሯ ነው የምትመጣው። መጀመሪያ የመጣች ዕለት አሥራ አንድ ዓመት ለሆናት ልጅ በጣም የሚያስፈራ መጽሐፍ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ከጉድጓድ ውስጥ የልጆችን ስም እየጠራ ስለሚያስቸግር ድምፅ የሚናገረውን አወጣሁላት። ለልጅ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ገልጦ ሥዕሉን ያያል፣ ፊደሉ መድቀቅ አለመድቀቁን ያያል። እሷ አልገለጠችውም። የጠየቀችኝ ምዕራፎቹ የሚያልቁት ልብ አንጠልጥሎ የሚተው ክፉ ቦታ ላይ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነበር። አዎ አልኳት። ይዛው ሄደች።

በሳምንቱ ተመለሰች። ልጅቷ ወደደችው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ማታ ሳነብላት ፈርታለች» አለችኝ። «ግን ቶሎ ለቀቃት። ከዚህ የከበደ የለሽም?»

አነጋገሯ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ትኩሳት ለቀቀው ሲባል ተመስገን ተብሎ ነው። እሷ ግን ቅር ያላት ትመስል ነበር። ቁም ሣጥን ውስጥ ስለሚኖር ፍጡር የተጻፈውን ሰጠኋትና፣ እግረ መንገዴን ልጅሽ ናት ወይ አልኳት። መልስ ከመስጠቷ በፊት መታወቂያዋን አገላበጠች።

«ቤት ያለች ልጅ ናት።»

እናት «ልጄ» ትላለች። «ቤት ያለች ልጅ» ከተባለ አገራችን ውስጥ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት እናስገባታለን ተብላ ከገጠር የመጣች፣ እየተማረች ዕቃ የምታጥብ ልጅ ልትሆን ትችላለች። የሟች ዘመድ አደራ ልትሆን ትችላለች። የባል ልጅም ልትሆን ትችላለች። የትኛዋም ብትሆን፣ ማታ ማታ እየተነበበላት የምትፈራ፣ ፍርሃቱ ሲለቃት ደግሞ ሌላ የሚገዛላት ልጅ አለች ማለት ነው።

ነገሩን ለጎረቤቴ አወራሁት። ከእኔ ቀጥሎ የሻንጣ ሱቅ ያላቸው አዛውንት ናቸው፤ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ፒያሳ ያረጁ። ጋሼ ነው የምላቸው። ሰምተው የራሳቸውን ነገሩኝ። አምጥቷቸው ያሳደጋቸው ዘመድ፣ ድልድዩ ሥር ልጅ የሚበላ ነገር አለ እያለ ሱቅ ውስጥ ብቻቸውን ቆልፎባቸው ይሄድ ነበር። ቁልፉ እንኳ አያስፈልግም ነበር አሉኝ፤ በሩ ክፍት ቢሆንም አይወጡም ነበር። ልጅን የሚገዛው ዱላ ሳይሆን የሚፈራው ነገር ነው፣ ሴትዮዋን ልብ ብለሽ እያት አሉ።

ልብ ብዬ አየኋት። በሚቀጥለው ስትመጣ ሆን ብዬ አታለልኳት። ሽፋኑ ላይ ራስ ቅልና ደም ያለበት፣ ውስጡ ግን ራሱን መስተዋት ውስጥ ባየ ቁጥር ስለሚደነግጥ ፈሪ መንፈስ የሚያወራ መጽሐፍ ነበረኝ። ልጅቷ ማናትም ትሁን አንድ ሳምንት ትረፍ ብዬ እሱን ሰጠኋት። ሳምንቱ ሳይሞላ መልሳ አመጣችው።

«ይሄኛው አሳቃት» አለች።

«መሳቋ ምን ይጎዳል?»

«መሳቅማ ብቻዋንም ትስቃለች።»

ይሄን ስትል አላየችኝም። መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ በእጇ ወደ እኔ ገፋችው። ያኔ ጥርጣሬዬ እርግጠኝነት ሊሆን ትንሽ ቀረው። ለአንድ ሰው መናገር አለብኝ ብዬ አሰብኩ፤ ግን ምን ብዬ? ስሟን አላውቅ፣ ቤቷን አላውቅ፤ መጽሐፍ ትገዛለች ብሎ ሰው አይከሰስም። ያለኝ አቅም አለመሸጥ ነበር። ከእንግዲህ አንባቢዋን ሳላይ እንደማልሸጥላት ነገርኳት።

ምነው አለችኝ። እንደ ጫማ ነው፣ እግሩን ሳላይ ቁጥሩን አላውቅም አልኳት። አሁን ግን ቀጥ ብላ አየችኝ።

«ምን ጠርጥረሽ ነው?»

«ልጅቷን አምጫት» አልኩ።  እሷም ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ከዚያ ጠፋች። ሳምንታት አለፉ። ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆሙ ዩኒፎርም የለበሱ ሴት ልጆችን ሳይ፣ የትኛዋ ትሆን እያልኩ ፊታቸውን እመለከት ጀመር። ባልናገር ኖሮ ቢያንስ እየመጣች ወሬዋን እሰማ ነበር የሚል ሐሳብም አላስተኛኝ አለ። ጋሼ ግን ደግ አደረግሽ ነው ያሉኝ፤ የደነገጠ ሰው እጁን ይሰበስባል።

አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ በረንዳው ላይ ሰው ባጎረበት ሰዓት፣ ልጅቷን ይዛ መጣች። ረጅም ናት፣ ሹራቧ ከእጅጌው አጥሯታል። የእጆቿን አንጓ አየሁ፤ አንገቷን አየሁ፤ ምንም የለም። ያየሁት ነገር ቢኖር በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ እንኳ ሁለቱ ሳይነካኩ መቆማቸውን ነው። ሴትዮዋ ወደ ግራ ስትል ልጅቷ ወደ ቀኝ ትላለች። ልጅቷ የኋላውን መደርደሪያ ስታይ ዓይኗ ቆመ፤ ሂጂ፣ እንደፈለግሽ አገላብጪ አልኳት።

ሴትዮዋ ወደ ባንኮኒው ተጠጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሳልጠይቃት ተናገረች። የባሏ ልጅ ናት። እናቷ ሞታለች። አባትየው ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሷ ቤቱ ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ልጅቷ ስትጠራት ትመልሳለች፣ ያቀረበችላትን ትበላለች፣ ተመስገን ብላ ትነሣለች፤ አጠገቧ ግን አትቀመጥም። መብራት የጠፋበት አንድ ማታ ዝምታው ሲከብዳት፣ በልጅነቷ ወሎ የሰማችውን የጅብ ተረት ነገረቻት።

«መሐል ላይ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ» አለች። «ተረቴ ግን አለቀ። ሌላ አላውቅም።»

ለዚህ ነው መጽሐፍ የምገዛው አላለችም። እኔም አላስጨረስኳት። ግን አላመንኳትም። ይሄን ያህል ሳምንት የሚያስብ ሰው ይሄንን ማዘጋጀት አያቅተውም። ወደ በሩ ቀና ስል ጋሼ በረንዳው ላይ ቆመው ያዩናል። በዓይን ተግባባን። ለልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳ ላሳይሽ ብለው ሴትዮዋን ወደ እሳቸው ሱቅ ይዘዋት ሄዱ።

ልጅቷ አጠገብ ሄጄ መጻሕፍቱን እንደሚያስተካክል ሰው ሆንኩ። በእነዚህ መጻሕፍት ምክንያት ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላት እንደሆነ፣ የማትፈልገውን እንድትሰማ የሚያስገድዳት ሰው እንዳለ ጠየቅኳት።  እኔ ሴትዮዋን ባየሁበት ዓይን እሷ እኔን ታየኝ ጀመር።

«እሷ ናት ጠይቂያት ያለችዎት?»

አይደለም፣ እኔው ነኝ አልኳት። በሩን አየች። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ፍጡር ማን እንደሆነ ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እንዳወቀችው ነገረችኝ። የጉድጓዱም ድምፅ አላስፈራትም፤ ትምህርት ቤት ልጆቹ ከዚያ የባሰ ያወራሉ።

«ታዲያ ለምን ፈራሁ ትያታለሽ?»

«ስፈራ አልጋዋ ላይ እንድቀመጥ ትነግረኛለች» አለች። አንድ መጽሐፍ አወጣች፣ መልሳ ከተተችው። «ካልፈራሁ ምን ብዬ እቀመጣለሁ? እናቴ እኮ አይደለችም።» ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «አይንገሯት» አለችኝ።

ያኔ ነው ሴትዮዋን ያመንኳት። ልጅን ማንኛውንም ነገር ማስጠናት ይቻላል፤ አይንገሯት የሚለውን ግን ማንም አያስጠናም። ደስ ያለኝ ግን እንዳይመስላችሁ፤ የሁለት ሰው ምሥጢር ተሸክሜ መሐል ላይ ቆሜ ነበር። ያን ዕለት ወፍራሙን መረጥኩላቸው፤ ብዙ ምዕራፍ ያለው፣ እያንዳንዱ ክፉ ቦታ ላይ የሚያልቅ።

ከዚያ ወዲህ አብረው መምጣት ጀመሩ። እኔም መጠርጠሬን አልተውኩም። ልጅቷ ከስታ እንደሆነ አያለሁ፤ ሴትዮዋ ስትናገራት ትደነግጥ እንደሆነ አያለሁ። በዚህ አልጸጸትም፣ ዛሬም እንደዚያ ዓይነት ደንበኛ ቢመጣ ልጁን አምጣ እላለሁ። ያየሁት ነገር በመካከላቸው ያለው ክፍተት እየጠበበ መምጣቱን ነው። መጀመሪያ ጃንጥላ ተጋሩ። ሌላ ጊዜ ልጅቷ የሴትዮዋን ቦርሳ ሳትጠይቅ ከፍታ ሶፍት አወጣች።

በቅርቡ ልጅቷ ራሷ መጽሐፍ መርጣ ወደ ባንኮኒው አመጣች። ከኋላው መደርደሪያ አልነበረም፤ ስለ ንብ እርባታ ነው፣ ባለሥዕል፣ ለግብርና ተማሪዎች የተዘጋጀ። ሴትዮዋ ሽፋኑን አየችው። ቀፎና አበባ አለበት።

«ይሄ ያስፈራል?» ብላ ጠየቀቻት።

«በጣም» አለች ልጅቷ፣ ፊቷ ሳይፈታ።

«እንግዲያው ብቻሽን አታነቢውም» አለችና ከፈለችኝ።

ሴትዮዋ ፊት ላይ የሆነ ነገር ፈለግኩ፣ ጥቅሻ ወይም ፈገግታ፤ አላገኘሁም። መታወቂያዋን ደረቷ ላይ አስተካክላ ወጣች። ልጅቷ ተከትላት ወጣችና መንገዱን ሲሻገሩ የሴትዮዋን እጅጌ ያዘች። ጋሼ በራቸው ላይ ሆነው እስከ ማዶ ድረስ ሸኟቸው በዓይናቸው። ሴትዮዋ ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር ይላሉ እሳቸው፤ ያቺ ልጅ እንደማትፈራ ያኔ ያላወቅነው እኔና አንቺ ብቻ ነበርን አሉኝ። እኔ እንጃ። የምትመጣበትን ቀን እየጠበቅኩ ነው፤ ደግሜ አያታለሁ።