ዛፍ ያተረፈው ማርማላታ

እኔ አንድ ትልቅ ዛፍ በአንድ ጉርሻ ማርማላታ ከመጥረቢያ አድኛለሁ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ባለቤቴ እንኳ እዚያው ቆማ ያየችውን ዛሬ ሳወራ ብትሰማኝ “ኧረ በናትህ ተወን!” ነው የምትለኝ።

ዛፉ ያለው ጁባ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር፣ የተከራየነው ግቢ ውስጥ ነው። እዚህ ቱት ይሉታል። ፍሬው እንጆሪ ይመስላል፤ ሲበስል ይጠቁርና የነካውን ሁሉ ሐምራዊ ያደርጋል። እኔ ከሥሩ ቁጭ ብዬ ጄኔሬተር እጠግናለሁ። ማን አስተማረህ ካላችሁኝ፣ ማንም። የመጀመሪያውን ፈታሁት፣ መልሼ ስገጥመው ብሎን ተረፈኝ፣ ግን ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎቹ ዝም ብለው ብሎን እንደሚያባክኑ ገብቶኛል። ይሄ ሁሉ ሙያ ግን ያለ ጥላ ዋጋ የለውም። በጁባ ቀትር ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት እጅ ያቃጥላል። ዛፉ ከሌለ ሥራዬም የለም።

አከራያችን ስደት ላይ ኢትዮጵያ ያደጉ የዚህ አገር ሴት ናቸው። አማርኛቸው ከኔ ይሻላል፤ ስድባቸውማ አይነሳ። እማማ ነው የምላቸው። አንድ ጠዋት ነጭ አንሶላቸውን እንደ ባንዲራ ዘርግተው መጡብኝ። ቱት ያላረፈበት ቦታ የለውም።

“ቅዳሜ ይሄን ዛፍ አስቆርጠዋለሁ!”

“ምን አጠፋ እማማ?”

“አይታይህም? ደግሞ ትናንት ፍሬውን ብቀምስ ዘሩ እዚህ አዲሱ ጥርሴ ሥር ገብቶ ሲወጋኝ ዋለ። ለወፍና ለአንተ ብዬ ዛፍ አላሳድግም። ካላስ፣ አለቀ!”

ጥርሱን ካምፓላ ሄደው ነው ያስገቡት፤ በጥርሱ ቀልድ የለም። የኔ አፍ ደግሞ ከጭንቅላቴ ይቀድማል።

“ከዚሁ ፍሬ አንዲት ዘር የሌለበት ማርማላታ ሠርቼ ባጎርስዎትስ? አንዲት ዘር ካገኙ መጥረቢያውን እኔው እይዛለሁ።”

“አንተ? እንቁላል ቀቅለህ ታውቃለህ?”

“እንቁላልማ ዶሮም ትሠራዋለች።”

ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና “እስከ ቅዳሜ” ብለውኝ ገቡ።

ማርማላታ ሠርቼ አላውቅም። ጄኔሬተርም ጠግኜ አላውቅም ነበር። ያንኑ የተበላሸ አንሶላ ለምኜ ከዛፉ ሥር ዘረጋሁና ቅርንጫፉን ነቀነቅኩ፤ ዘነበ። አጠብኩት፣ ጠብታ ውሃ ጨምሬ ከሰል ላይ ጣድኩት፣ ሲፈርስ በጭልፋ ጨፈለቅኩት። በሻይ ማጥለያ ባጠልለው ዘሩ እየሳቀብኝ አለፈ። ጓዳ ገብቼ ስበረብር አንድ ንጹህ ሻሽ አገኘሁ። ውስጡ ገለበጥኩት፣ አፉን በገመድ አሰርኩት፣ እዚያው ዛፉ ላይ ሰቀልኩት። ከሥሩ ድስት።

ልጨምቀው እጄን ዘርግቼ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያዋ ጠብታ መጣች፤ እጄ አየር ላይ ቀረ።

ሻሹ ውስጥ ያለው ጥቁር ነው፣ ጭቃ ይመስላል። የሚወርደው ግን ቀይ፣ ጥርት ያለ ቀይ ነው። ፀሐይ በቅጠሎቹ መሃል ሾልካ ጠብታዋን ስታገኛት ውስጧ መብራት ያለ ይመስላል፤ ያለ ጄኔሬተር! ይሄንን ነው እንግዲህ በየጠዋቱ እየተሳደብን በመጥረጊያ ስንጠርገው የኖርነው። እኔ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ዝም ማለት የማይሆንልኝ ሰውዬ፣ አፌ ተዘጋ።

ጁባ ታውን ሱቅ ያላቸው ሀጂ ጄኔሬተራቸውን ሊወስዱ መጡ፤ አገራቸው ኢትዮጵያ ነው፣ ስኳሩንም ያዘዝኩት ከሳቸው ነበር።

“አልቋል?”

“ቀስ ይበሉ ሀጂ፣ እየተንጠባጠበ ነው።”

ቀና ብለው አዩ። ስኳሩን መሬት ላይ አስቀመጡ። “ሱብሃነላህ” አሉና በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለት ሽበታም ወንዶች ሻሽ ስናይ ዋልን፤ ስለ ጄኔሬተር ማንም አላነሳም።

ከዚያ ስኳር፣ ሎሚ፣ እሳት። መርጋቱን ለማየት በረዶ ላይ በቀዘቀዘ ሳህን ጠብ አደርጋለሁ፣ በጣቴ ገፋ አደርጋለሁ፤ ይፈሳል። እንደገና፣ ይፈሳል። አንዴ ግን ስገፋው ቆዳ አውጥቶ ተጨማደደ፣ ቆመ። ያ ሁሉ ውሃ አሁን ቁም ብሎ ማን ነገረው? እስካሁን አልገባኝም፤ የማይገባኝ ነገር ደግሞ ብዙ የለም።

ቅዳሜ እንጨት ቆራጩ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ሀጂም ለዳኝነት ብለው ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ዳቦ ላይ ቀባሁና እማማን አጎረስኳቸው። አላመጡ። ምላሳቸው ጥርሱን እየዞረ ሲፈትሽ በጉንጫቸው ይታያል። ድንገት ቀጥ አሉ። በሁለት ጣት አንዲት ጥቁር ፍሬ ከአፋቸው አወጡ።

“ይሄስ ምንድን ነው?”

ቆራጩ መጥረቢያውን ከትከሻው አወረደ። ባለቤቴ ከበር ላይ ጮኸች፦ “አንተ! ቅቤ የማጠልልበትን ሻሽ ነው የወሰድከው?”

ለካ ቅቤ ስታነጥር አንዲት የኮረሪማ ዘር ሻሹ ስፌት ውስጥ ተደብቃ ኖሮ፣ ከጭማቂው ጋር ድስቱ ውስጥ ገብታለች!

“ውሉ የቱት ዘር ነው” አሉ ሀጂ።

“ዘር ዘር ነው!” አሉ እማማ። ግን አሸተቷት። መልሰው አፋቸው ከተቱና በአዲሱ ጥርስ ሰበሯት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ልጅ ሆነን፣ ኢትዮጵያ፣ ስደተኛ መጠለያው አጠገብ አንዲት ሴትዮ ቅቤ ስታነጥር ይሄ ሽታ እኛ ጋ ይመጣ ነበር” አሉ። “ሽታው ብቻ ነበር የሚመጣው።”

ዓይናቸውን ገለጡና አፋቸውን ለሁለተኛ ጉርሻ ከፈቱልኝ። ሲውጡ ወደ ቆራጩ ዞሩ።

“አንተ መጥረቢያህን ያዝና ሂድ።” ወደኔ ደግሞ፦ “በሚቀጥለው ኮረሪማውን ወቅጠህ ጨምር። የልብስ ማስጫ ገመዴንም ከዛፉ ሥር አንሳልኝ።”

ይኸው ነው። ውሸት ነው የምትሉ ኮር ዊሊያም ድረስ ኑ። ሀጂን ጠይቁ፤ የኔን ማርማላታ ሱቃቸው ውስጥ ደብቀው ለራሳቸው ነው የሚበሉት። ቆራጩን ጠይቁ፤ ብልቃጥ ታቅፎ ነው የሄደው። እማማን ለመጠየቅ ግን ዳቦ ይዛችሁ ኑ። ሁሉንም ካላመናችሁ፣ ነጭ ሸሚዝ ልበሱና ዛፉ ሥር ትንሽ ቁሙ፤ እሱ ራሱ ይነግራችኋል።