መርዶ የጫነ ፎር ዊል

ያ ጉዞ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ ፎር ዊል መኪና ከነመፍቻ ሳጥኑ፣ አንድ ጥንድ ጫማ እና ስድስት ሳምንት ኩርፊያ ነው። መኪናውን ብቻ ብትቆጥር ርካሽ ይመስልሃል።

ዛሬ ጠዋት ጨረታ ላይ የአንዱን መኪና በር ከፍቼ ምንጣፉን ገለጥ አደረግሁና አሸተትኩ። ሻጩ አጥቦታል፣ ሽቶ ነፍቶበታል፤ ከምንጣፉ ሥር ግን የባሕር ውሃ ሽታ ቁጭ ብሏል፤ ጨው ጨው የሚል፣ የበሰበሰ ቅጠል ያለበት። "ምነው?" አለኝ። "ምንም" ብዬ በሩን ዘጋሁ። ያንን ሽታ የማውቀው ከራሴው መኪና ነው።

በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ ላይ፣ በኮሮናው ሰበብ የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ተዘግተው፣ ተከፍተው፣ ሰው በቁጥር በሚያስገቡበት ጊዜ ነው። እኔ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ የካዚኖ ዲለር፣ ካርታ አዳይ፣ ነበር፤ ሺፍቱ ሲቀነስ ሲቀነስ ቤት ዋለ። እኔ እዚያው ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር፣ ከእሱና ከሚስቱ ጋር፣ ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኛሁ አሮጌ መኪና እየገዛሁ እሸጥ ነበር። ያኔ በእጄ ያለው ፎር ዊል ካምቢዮው ያንኳኳል። ገዢ መጣ፣ ነዳው፣ ወደደው፣ እጁን ኪሱ ከተተ። ወንድሜ ከበረንዳው ላይ፣ "ካምቢዮውን ነገርከው?" አለኝ። በአማርኛ ቢለኝ ምን ነበረበት። በእንግሊዝኛ ነው ያለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። እሱም ኮራ። እኔ ሚስቱን "ለባልሽ ንገሪው" እላታለሁ፤ እሱ "ለዚያ ልጅ ንገሪው" ይላል። ይህን ሁሉ የምንለው ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው፤ መሃላችን የነበረው የቴሌቪዥኑ ሪሞት ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን አባታችን አገር ቤት ሞተ። የተደወለው ለወንድሜ ነው፤ እኔ አላውቅም። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ያኔ ደግሞ ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው። የአፓርትመንታችንም ግድግዳ ስስ ነው፤ እኔ ብጮህ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል ብሎ ወንድሜ ፈራ። ለእኔ የአባባ ስልክ ተሰብሮ ጥገና ገብቷል ተባለ። እሱ ግን ሰው የሌለበት ቦታ ወስዶ ሊነግረኝ አስቦ ኖሯል። አባታችን በወጣትነቱ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እኔ አልደረስኩበትም፤ ወንድሜ ግን ባሕር ባሕር የሚለውን የሸሚዙን ሽታ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ባሕር የመረጠው ለዚያ ይመስለኛል።

"ለዚያ ልጅ ንገሪው፣ በመኪናው ሜክሲኮ ወርደን ባሕር እንይ" አላት። እኔም እዚያ ካምቢዮ የማይሰማ ገዢ አይጠፋም ብዬ ተስማማሁ።

ድንበሩን አልፈን ወደ ደቡብ ስንነዳ ወንድሜ በየበረሃው መኪናውን ያቆም ነበር። ይወርዳል፣ ይንጎራደዳል፣ ወደ እኔ መስኮት መጣ ይልና አየት አድርጎኝ ተመልሶ መሪውን ይይዛል። "ለባልሽ ንገሪው፣ ሽንቱን ሐኪም ይይለት" አልኳት። ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

አስፋልቱን ከለቀቅን በኋላ መንገዱ ሁለት የጎማ መስመር ብቻ ሆነ። ቅጠሉ መስታወቱን ይገርፋል፣ ትንኙ ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ ከጎማው ሥር ሸርጣን ቀጭ ይላል። የቬጋስ ሙቀት ያደርቅሃል፤ ይኼኛው ይቀቅልሃል። ከኮኮናት ዛፎቹ ስንወጣ ባሕሩ ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን ሆኖ ተዘረጋ። አንድ ትንሽ ወንዝ አሸዋውን አቋርጦ ወደ ባሕሩ ይገባል፤ መንገዱ ከማዶ ይቀጥላል። ሚስቱ መሬቱን ልይላችሁ ብላ ወረደችና ጫማዋን በእጇ ይዛ ተሻገረች።

እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን። እርጥብ አሸዋ ላይ ጎማው ካልተነፈሰ መኪና እንደማይሄድ እኔ አውቃለሁ፤ እሱ አያውቅም። ዞሮ አየኝ። መልእክት የሚያደርስልን ሰው የለም። እኔ ባሕሩን አየሁ። እሱ ነዳጅ ሰጠ።

መሃል ላይ የፊት ጎማዎቹ ሰመጡ። ነዳጅ በሰጠ ቁጥር የባሰ ቆፈሩ። ወርደን እሱ በድስት ክዳን፣ እኔ ጫማዬን አሸዋው ውጦት በእጄ እንዝቅ ጀመር፤ ያኔም ሳንነጋገር። የዛቅነውን ማዕበሉ ይመልሰዋል። ውሃው የሚሸሽ መስሎን ነበር፤ እየመጣ ነበር። በበሩ ሥር ገባ፣ ወንበሩን አለበሰው። ሞተሩ አንዴ ሳል ብሎ ዝም አለ።

ያኔ አፌ ተከፈተ። ከካምቢዮው ጀምሬ፣ ንግዴን እንደገደለ፣ ቅንነቱን በእኔ ኪስ እንደሚያሳይ፣ አሁን ደግሞ መኪናዬን ለዓሣ እንዳበላ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

"የአባባ ስልክ ይሠራ እንጂ" አልኩት፣ "መጀመሪያ የምነግረው ያንተን ጉድ ነው።"

ውሃው ወገቡ ደርሷል። ክዳኑን እንደያዘ ቆሞ አየኝ።

"አትነግረውም" አለ።

"ታያለህ። ዛሬውኑ ነው የምነግረው።"

"አባባ ሞቷል።"

ሚስቱ ማዶ ሆና ሰማችው። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ "እንዲህ ነው እንዴ መርዶ የሚነገረው፣ አንተ ሰው?" አለች።

ጮህኩ። ፖሊስ የጠራ የለም። ወንድሜ ውሃውን እየገፋ መጥቶ ያዘኝ፤ ልመታው ሞከርኩ፣ አልለቀቀኝም። ከዛፎቹ መሃል አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ወጣ። የሰመጠውን መኪና አየ፣ ተቃቅፈን ስናለቅስ አየ፣ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ለመኪናው ያለቀስን መስሎት ይሆናል።

ሽማግሌው ቤቱ አሳደረን። በማግስቱ ውሃው ሲጎድል መኪናው እስከ መሪው አሸዋ ሞልቶ አገኘነው። የነካው የለም። በአውቶቡስ ስንመለስ ሚስቱ ከፊታችን ወንበር ላይ ተኛች። ወንድሜ ስለ አባባ ያወራኝ ጀመር፤ ከአሰብ ሲመጣ ግቢው በር ላይ ጥሩምባ እንዴት እንደሚነፋ፣ እሱ በባዶ እግሩ እንዴት እንደሚሮጥ። ቬጋስ እስክንደርስ አላቋረጥኩትም።

ሂሳቡን ስዘጋው፦ መኪና የለም፣ አባት የለም፣ ወንድም አለ።